የደከመው ወጣሪ

አንድ ሾፌር ነበር አሉ። ቤቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም አይርቅም። እንጀራው ከመኪናው ላይ ነው፤ ቀን ጥቅል ዕቃ ያደርሳል፣ ማታ ምግብ ያደርሳል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ እናቶችን በየቤታቸው ያወርዳል፤ ለዚህኛው አያስከፍልም። መኪናው 2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። የጣሪያዋ ቀለም በፀሐይ ተልጧል፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ወጥ ፈስሶበታል፤ ካሊፎርኒያ በየ2 ዓመቱ የሚጠይቀውን የጭስ ምርመራ ግን አንድም ጊዜ ወድቃ አታውቅም። በዚህ ይኮራል።

አንድ ማለዳ ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናዋ ጮኸች። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። በማግስቱም ጮኸች። ሰንበት ሲል ኤሲውን በከፈተ ቁጥር፣ መሪውን እስከ ዳር በጠመዘዘ ቁጥር መጮህ ጀመረች። የፎቁ ተከራይ መስኮት ከፍቶ ቁልቁል ያየው ጀመር።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በሞተሩ ጎን አንድ ረጅም ቺንጋ አለ፤ ፊቱ በርዝመቱ የተሰነተረ፣ ጀርባው ልሙጥ የሆነ የጎማ ቺንጋ። የሞተሩ ዘንግ ይጎትተዋል፤ እሱም ከፑሌጃ ፑሌጃ እየተጠማዘዘ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕረሰር ያዞራል። ድሮ ለነዚህ ሥራዎች ሁለትም ሦስትም ቺንጋ ነበር። ሁሉንም ለአንድ ቺንጋ የመስጠቱ ዘዴ በ1979 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ላይ ገብቶ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ ለመቀየርም አያስቸግርም። ታዲያ ያ አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ሥራ በአንድ ጊዜ ይቆማል።

ሾፌሩ ችግሩን ይዞ ወደ ቡና ሄደ። የከተማው ምክር ቤት በ2002 (እንደ ፈረንጆቹ) «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው የፌርፋክስ ክፍል፣ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትወርዝ ያለው፣ አጭር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ግን ርቀቱ ሳይሆን ሰላምታው ነው። እዚያ ሐኪም፣ ጠበቃና መካኒክ የማይቀመጥበት የቡና ጠረጴዛ የለም። ፈቃድ ያለው ባይኖርም።

«ቺንጋው ደርቆ ነው» አለ አንዱ። «የሚረጭ ፈሳሽ አለ፤ ገዝተህ ንፋበት።» ገዝቶ ነፋበት። መኪናዋ ጸጥ አለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ የፌርፋክስ አቧራ ከፈሳሹ ጋር ተለውሶ በየፑሌጃው ላይ ጋገረ፤ ጩኸቱም ወፈር ብሎ ተመለሰ።

«ቺንጋው አርጅቷል፤ አዲስ አስገባ» አለ ሁለተኛው። ይህኛው ምክር እንኳ የሚናቅ አይደለም። የዛሬ ቺንጋ እንደ ድሮው ተሰነጣጥቆ ባለቤቱን አያስጠነቅቅም፤ ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ ስለሚሠራ ጥርሱ ተበልቶ እያለቀ ፊቱ ደህና ይመስላል። ሾፌሩ አዲስ ቺንጋ ገዝቶ አስገባ። ጸጥ አለች። ደስ ብሎት ቡናውን ሁሉ እሱ ከፈለ። ወሩ ሳይሞላ ግን ማለዳ ማለዳ እንደገና ማፏጨት ጀመረች።

ሦስተኛው መካሪ ቆራጥ ሰው ነበር። «አጠር ያለ ቺንጋ አስገባ» አለ። «ችግሩ መላላቱ ነው። ጥብቅ ሲል የት ይሄዳል?» ቆራጥ ሰው ሲናገር ጠረጴዛው ዝም ይላል። አጭሩ ቺንጋ ተገዛ፤ በብዙ ትግል ገባ። ጩኸቱ እልም ብሎ ጠፋ። ሰውየው ለሳምንታት በዚያ ጠረጴዛ ላይ በክብር ተቀመጠ፤ ሰዎች ስለ ኢሚግሬሽን ጉዳያቸው ሳይቀር ያማክሩት ጀመር።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ጩኸት አይደለም፤ ማጉረምረም ነው፣ ከዲናሞው በኩል። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

አንድ ከሰዓት በኋላ በላሲየኔጋ ወደ ደቡብ እየወረደ፣ የኢንግልውድ የነዳጅ ጉድጓዶች ካሉበት ኮረብታ ሲደርስ የባትሪው መብራት በራ። ወዲያው መሪው ድንጋይ ሆነበት። የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ መሄድ ሲጀምር ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። በዚህስ አስተዋይ ነበር፤ የውሃ ፓምፑ ቆሞ «እስከ ቤት ትድረስልኝ» የሚል ሰው ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ ቴስታታውንም ያጣምማል፤ ያኔ ደግሞ ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ቺንጋው ከፑሌጃዎቹ ወጥቶ፣ ጠርዙ ተተልትሎ ተንጠልጥሏል።

መኪናዋ ተጎትታ የቆመችው ከፒኮ ጎዳና በታች በአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል፤ እዚህ አገር ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የመኪና ማቆሚያ ጠብቀዋል። ያ ሁሉ ምክር ሲወርድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ሾፌሩ።

«ምን ብዬ ልንገርህ? ይዘህ የመጣኸው ወሬውን ነው። መኪናዋን ማን አሳየኝ?»

የተተለተለውን ቺንጋ አወጡና ፑሌጃዎቹን በእጃቸው አንድ በአንድ አዞሩ። የውሃ ፓምፑ ደህና ነው። የመሪው ፓምፕ ደህና ነው። ዲናሞው ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ይንኳኳል፤ ኩሽኔታው አልቋል። «ይህን የገደለው ያ አጭሩ ቺንጋህ ነው» አሉ። «ቀን ከሌት ወደ ጎን ሲጎትተው ከረመ።» ቀጠሉና እጃቸውን አንዲት ፑሌጃ ላይ አሳረፉ።

«ይቺኛዋስ ምን ታዞራለች?»

ልጁ አየት አድርጎ «እሷ እንኳ ምንም አታዞርም» አለ።

«ለዚህ ነው ያላየሃት።»

ወጣሪዋ ነበረች፤ ቴንሽነር የሚሏት። በሞላ የሚገፋ ክንድ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ፑሌጃ ናት፤ በዚህች መኪና ላይ ክንዱን ከሞላው ጋር ዘይት ያለበት ማርገቢያም ይደግፈዋል። ሽማግሌው 19 ቁልፍ አቀበሉትና ክንዱን እንዲገፋው ነገሩት። ደህና ወጣሪ ሲገፋ ይታገላል፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይመለሳል። ይህኛው ያለ ትግል ሄደ፣ ሲመለስም እየተንገጫገጨ ተመለሰ። ከማርገቢያው ሥር ጥቁር የዘይት ወዝ ወርዷል። ክንዱ ከሥሩ ስለላላም ፑሌጃዋ ዘመም ብላለች፤ ቺንጋው ተንሸራቶ የወጣው በዚያ በኩል ነው።

«ሞታለች ጋሼ?»

«ብትሞትማ ገና ድሮ ባወቅህ ነበር። ደክማለች።»

ከዚያ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና አስረዱት። እሳቸው የሚያውቁት የአዲስ አበባው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ቺንጋው ሲላላ መካኒኩ የዲናሞውን ብሎን ያላላል፣ በብረት ዘንግ ዲናሞውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ይለካል፣ መልሶ ያጠብቃል። ከጊዜ በኋላ ይላላል፤ እንደገና ያጠብቃል። አድካሚ ነው፤ ግን ሰው ሁልጊዜ እጁ እዚያው ላይ ስለሆነ ምን እንደላላና ምን እንዳለቀ ያውቃል። ራሱ የሚወጥር ሞላ ሲመጣ ግን ያ እጅ ከሞተሩ ወጣ። «ራሱን የሚያስተካክል ነገር ሲሰጥህ፣ መጀመሪያ የምትረሳው እሱን ነው» አሉ።

ልጁ ግን አሁንም አልገባውም። ምንም የማትጎትትና የማታዞር ነገር በምን ደከመች?

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የበለጠ የምትለፋው እሷ ናት። የሞተር ዘንግ ሲያዩት እኩል የሚዞር ይመስላል እንጂ እኩል አይዞርም፤ ነዳጁ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በተቃጠለ ቁጥር ተገፍቶ ይዘላል፣ በመካከል ይዘገያል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ነዳጁ በእያንዳንዱ ዙር 2 ጊዜ ይቃጠላል። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ በደቂቃ 700 ዙር እያለ፣ ቺንጋው በደቂቃ 1400 ጊዜ ይገፋል፤ በሰከንድ ከ23 በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ኤሲው ሲነሳ ይነጥቃል፣ መሪው ሲጠመዘዝ ይጎትታል፣ ጎማው ሲሞቅ ይለጠጣል። ያን ሁሉ የምትቀበለው እሷ ናት። ሲላላ ትገፋለች፣ ሲነጠቅ ትለቃለች። ሥራዋ ማጥበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሞላ ፋንታ አንድ ብሎን ይበቃ ነበር። ያ አጭር ቺንጋ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ክንዱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መፈናፈኛ አሳጣው፣ እሷ መቀበል ያቃታትን ግፊት ሁሉ የዲናሞው ኩሽኔታ ተቀበለው።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሯል። የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። ሽማግሌው ክሪክ ብቻውን ያመኑበት ዘመን የለም፤ የፊት ቀኝ ጎማ ሲወልቅ መኪናዋ በብረት መደገፊያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወጣሪዋን የያዛት አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ብሎኑ ረጅም ነው፤ ሲወጣ ከመኪናዋ አካል ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ጣውላ አድርጎ በክሪክ መደገፍ፣ በቀኝ በኩል ያለውን የሞተር መያዣ ጎማ መፍታት፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግ የግድ ሆነ። አንዲት ፑሌጃ ለመቀየር ሞተር ማንሳት! ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ነው «እስቲ መጀመሪያ ቺንጋውን ልሞክር» ብሎ የሚመለሰው። አልፈርድበትም፤ ቺንጋ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ወጣሪ ጋ ለመድረስ ግን ብዙ ነገር መፍታት ይጠይቃል። ቢሆንም ሾፌሩ የገዛቸው ቺንጋዎችና ያ የሚረጭ ፈሳሽ፣ ዲናሞውም ተጨምሮ፣ ከአንዲቱ ወጣሪ ዋጋ በብዙ አልፈዋል።

የጎደለ ቡሶላ ከመለዋወጫ መደብር በመያዣ ተዋሱ። አዲሷ ወጣሪ ገባች፣ ዲናሞውም ተቀየረ፣ ሞተሩ ወረደ፣ መያዣው ታሰረ። በትክክለኛ ልኩ የተገዛው ቺንጋ ቀድመው በወረቀት ላይ በሣሉት መንገድ ተዘረጋ። ልጁ በ19 ቁልፉ ክንዱን ገፋ፤ አሁን ክንዱ ታገለው። ቺንጋው በመጨረሻዋ ፑሌጃ ላይ ሲቀመጥ ቁልፉን በቀስታ ለቀቀ። ሽማግሌው ባትሪ አብርተው የቺንጋው ጥርስ በየፑሌጃው ጎድጓዳ መቀመጡን በጣታቸው እየዳሰሱ አረጋገጡ።

ሞተሩ ተነሳ። ልጁ ጆሮውን አቀና፤ ጩኸት የለም። ሽማግሌው ግን ክንዱን ነበር የሚያዩት። ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ በጥቂቱ ይርገበገባል እንጂ አይዘልም።

«ስንት ዓመት ትሠራልኛለች ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዘይት በቀየርክ ቁጥር ሞተሩን አስነሣና እያት። መዝለል ስትጀምር ያኔ ቀይራት። ቺንጋው እስኪጮህ አትጠብቅ።»

ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለ መኪና ለመጻፍ አይደለም፤ በስደት አገር ስላሉ ዕድሮቻችን ለመናገር ነው፤ ማኅበርና ዕቁብም እዚያው ውስጥ ይገባሉ።

ዕድር ሲጮህ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። መዋጮ ይዘገያል፣ ሁለት ቤተሰብ ይኳረፋል፣ አንዱ «ለእኔ ሐዘን ጊዜ ማን መጣ?» ይላል። መጀመሪያ ግብዣ እናዘጋጃለን፤ ክትፎ ተበልቶ፣ ስለ አንድነት ንግግር ተደርጎ፣ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ሲመለስ መተዳደሪያ ደንቡን እንቀይራለን። እሱም አልበቃ ሲል አንድ ቆራጥ ሰው ይነሳና ደንቡን ያጠብቃል፤ የዘገየ ይቀጣ፣ ሁለት ወር የቀረ ይሰረዝ። ይሠራል፤ ለጥቂት ወራት እጅግ ይሠራል። ከዚያ ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ መቅረት ይጀምራሉ፤ «ሥራ በዛብኝ» ይላሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሊቀመንበሩ አይደለም። ምናልባት ጸሐፊዋ ናት፤ ምናልባትም ጭራሽ ሹመት የላትም፤ ስልኳ ግን ሁሉም ሰው ዘንድ አለ። ሰው ሲሞት ሆስፒታሉ፣ አስከሬን አዘጋጁ፣ ቄሱ፣ ቆንስላውና አየር መንገዱ የሚያውቁት የእሷን ቁጥር ነው። የተኳረፉት ሁለቱም የሚያለቅሱት ለእሷ ነው፤ የአንዱን ለሌላው ሳታደርስ፣ ግማሹን ውጣ፣ ግማሹን አለስልሳ ታሳድራለች። መዋጮ የጎደለበትን ሰው ስሙን ሳታነሣ ከራሷ ትሞላለታለች። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ ሁሉ አንድ መስመር አይወጣውም። ቢጽፉትስ ምን ብለው ይጽፉታል?

እሷ ስትደክም አትጮህም። ስልክ ለማንሳት ትዘገያለች፣ በፊት የምትውጠውን ቃል መመለስ ትጀምራለች፣ ወይም ደግሞ ሁሉን «እሺ» ብላ ምንም አታደርግም። የሚጮኸው ዕድሩ ነው፤ እኛም ዕድሩን እናሻሽላለን። ብዙ ማኅበሮቻችን የተሰነጠቁት በሐሳብ ልዩነት ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ሰው ሳይተካ ቀርቶ ነው ባይ ነኝ። ሐሳባችንማ አንድ ሆኖ አያውቅም፤ ልዩነቱን ስትቀበልልን የኖረች ሴት ነበረች።

«ታዲያ እናመስግናት» የሚል ካለ፣ ምስጋናው መልካም ነው፤ የምስክር ወረቀት ግን ያለቀ ሞላ አይመልስም። እሷን ማሳረፍ እንደ ሞተር ማንሳት ነው፤ ብዙ ነገር መፍታት ይጠይቃል። የስልክ ዝርዝሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አስከሬን አዘጋጁ ከአዲስ ሰው ጋር ይተዋወቃል፣ ለእሷ ብቻ ማልቀስ የለመዱ ሰዎች ሌላ ጆሮ ይለምዳሉ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ደንብ መቀየር የሚቀለን።

የዕድራችሁ ስብሰባ ሲቃረብ ደንቡ ከመነሣቱ በፊት አንድ አጀንዳ አስይዙልኝ፦ ያን ስልክ ማን ይዞት ቆየ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከዛሬ በኋላስ ማን ይረከበዋል? ተረካቢው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ የምታስረክቡበትን ቀን በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ አብራችሁ አስጽፉ።